ወደ መረቡ የዞረው በረኛ

ዲኮንጌ በረኛ ሲያሰለጥን ያረጀ ሰው ነበር፤ የሞተውም ከግቡ መረብ ጀርባ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው። ቡድኑ በወዲያኛው ግብ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ፣ የዱዋላ ከተማ በሙሉ ዓይኑን ኳሷ ላይ በተከለበት ቅጽበት፣ አንድ ሰው አናቱን በብረት መታው። በአቅራቢያው የነበረው በረኛው ኤላሜ ብቻ ነው። ተመልካቹ ለመፍረድ መርማሪ አልጠበቀም፤ «ነፍሰ ገዳይ!» እያለ ይጮሃል።

መርማሪ ንጎ ቢኮይ ስትደርስ ኤላሜ በካቴና ታስሯል። አንገቱን ግን አልደፋም።

«ግብ ሲገባ ጥፋተኛው በረኛ፣ ሰው ሲሞትም በረኛ!» አላት። «ዲኮንጌ እንደ አባቴ ነበር። ነክቼው ከሆነ እጄን ቁረጡት!»

«ዲኮንጌ ሲመታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የኛ ልጆች ቅጣት ምት ሲመቱ ማየት አልችልም። ሁልጊዜ ፊቴን ወደ መረቡ አዙሬ እንበረከካለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ይህን ልማዱን ከተማው ያውቀዋል። ንጎ ቢኮይ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሄደች።

«እማማ፣ እኔ የተጎዳ እግር እያሰርኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም» አለ ወጌሻው ሙኩሪ።

ምክትል አሰልጣኙ ማሶማ ግን አፉ አላረፈም። «እኔ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አላልኩም፤ ግን አይቼዋለሁ! ተንበርክኮ ቀይ ክር እየሳመ ሲያነበንብ ነበር። አስማተኛ ነው!»

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ግቡን አሻግራ አየች። ከዚያ ወደ ኤላሜ ተመለሰች።

«ቀይ ክር ይዘሃል?»

ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ ከካልሲው ውስጥ ትንሽ የክር አምባር አወጣ። «ልጄ ናት ዛሬ ጠዋት የሰጠችኝ። ይስቁብኛል ብዬ ለማንም አላሳየሁም። ስንበረከክ አወጣሁት፣ ሳምኩት፣ መልሼ ከተትኩት።»

ሁሉንም ሜዳው መሀል ሰበሰበቻቸው።

«ኤላሜ ሲንበረከክ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቷል» አለች። «ከወንበሩም ሆነ ከተመልካቹ በኩል የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ከንፈሩንና እጁን ማየት የሚችለው ከመረቡ ወዲያ የቆመ ሰው ነው። እዚያ ተመልካች አይቆምም፤ የነበረው ዲኮንጌ ብቻ ነው። ማሶማ፣ ክሩን የት ሆነህ አየኸው?»

«ልጆቹ... ልጆቹ ነገሩኝ።»

«የትኞቹ? ማንም አላየውም እኮ!»

ሙኩሪ ተነፈሰ። «ማሶማ የተጫዋቾቹን ዕድሜ እየቀነሰ እንደሚያስመዘግብ ዲኮንጌ ደርሶበታል። ከጨዋታው በኋላ አጋልጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት!» ሲል ማሶማ ጮኸ። ፖሊሶቹ ካቴናውን ከኤላሜ እጅ ፈትተው ማሶማን አሰሩበት።

ተመልካቹ ወዲያው «ኤላሜ! ኤላሜ!» ማለት ጀመረ።

«ዝም በሉ!» አለ በረኛው። ድምፁ ሜዳውን ሞላው። «ቅድም ነፍሰ ገዳይ ባላችሁበት አፍ ስሜን አትጥሩ!»

ዲኮንጌ የተኛበትን ቃሬዛ የፊት ጫፍ አነሳ። ሽማግሌውን ተሸክሞ በመሀላቸው ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት።