የረጠበው ምድጃ

በደንገል ላይ የሚኖር ሰው ሲሞት የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ደሴቶቻችን በሐይቁ ላይ የተነጠፈ ደንገል እንጂ አፈር ስላልሆኑ መቃብር አይቆፈርባቸውም፤ ሬሳ በታንኳ ተጭኖ ወደ የብሱ ይሻገራል። የፎርቱናቶ ኮይላ ሬሳ ግን በዚያ ጠዋት አልተሻገረም። በገዛ ማድቤቱ፣ ከምድጃው አጠገብ በግንባሩ እንደተደፋ መርማሪ ይጠብቅ ነበር። ማጅራቱን የፈነከተው የካስማ መምቻ፣ ደሴቱን ነፋስ እንዳይወስደው ካስማ የሚቸነከርበት ከባድ እንጨት፣ እግሩ ሥር ወድቋል።

ገዳዩ ተይዟል ተብሎ ነበር። ከወደብ ቱሪስት የሚያመላልሰው ባለ ጀልባ ኤፍራይን፣ እጅጌው በደም እንደተነከረ፣ ፈረንጆቹ ወጥተው ሐይቁን ከሚያዩበት ማማ ምሰሶ ጋር ተጠፍሮ ቆሟል። ደሴቱ የፎርቱናቶ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ትንሽ ደሴት ነው። የዚያን ቀን የመጡት የቱሪስት ጀልባዎች በሙሉ ወደመጡበት ተመልሰዋል።

መርማሪ ኤውላሊያ ቾኬ ከፖሊስ ጀልባ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እዚሁ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ጀልባ ላይ ስትወጣ ግን ሆዷ ይገለበጣል። ወደቡ ላይ ያሉ ፖሊሶች በዚህ እንደሳቁባት አሉ። በሥራዋ ግን የሳቀባት የለም።

«እትዬ፣ ትንሽ ቁጭ ቢሉስ?» አላት አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ቁጭ ብዬ አይደል እንዲህ የሆንኩት! ይልቅ ልቁም።»

ገና ሁለተኛ እርምጃዋን ሳትራመድ አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ እጇን ያዘቻት። ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኗል።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም! በእናትዎ፣ እሱ አይደለም! አጎቴ ለጎረቤት ደሴቶች ደውሎ ሰው ጠርቷል። እየመጡ ነው። አስረው ውሃ ውስጥ ይጨምሩታል።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ሴናይዳ። የሟቹ ልጅ ነኝ።»

«አባትሽ ሞቶ ለገዳዩ ትለምኛለሽ?»

«ላገባው ነበር» አለች ሴናይዳ። «አባቴ እንቢ ብሎ ነው እንጂ።»

ኤውላሊያ ወደ ሐይቁ አየች። በሩቁ ታንኳዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ፖሊሱን ማማው ሥር አቁማ ወደ ታሰረው ሰው ሄደች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል።»

«ተጣልቻለሁ» አለ ኤፍራይን። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። «የሲጋራ ቁራጭ ደንገሉ ላይ ጣልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ ሰደበኝ፤ "ሁለተኛ ጀልባህን እዚህ እንዳታስር" አለኝ። ዋናው ግን ሲጋራው አይደለም፣ ልጁን መጠየቄ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ና አለህ?»

«ራሱ! ማታ ደወለልኝ። "ጠዋት ቱሪስቶቹ ሳይመጡ ብቻህን ና" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ግን እኮ አልተቆጣም ነበር። ለማን ልንገር? ማን ያምነኛል?»

«ስትገባ ምን አየህ?»

«ወድቆ አገኘሁት። ተንበርክኬ ላነሳው ስል ነው ደሙ የነካኝ። ከዚያ ጮህኩ።»

«ምድጃውስ?»

ኤፍራይን ግራ ገባው። «ምድጃው ምን ይሆናል? ጠፍቶ ነበር። ውሃ በውሃ ነው፣ እንፋሎቱ ገና ይወጣል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን አየች። ሱሪው ላይ የደረቀ የአመድ ጭቃ ተለጥፏል። ከዚያ ወደ ማድቤቱ ገባች።

ጠፍጣፋው የምድጃ ድንጋይ ላይ ያለው አመድ ለውሶ የተተወ ሊጥ መስሏል። ዙሪያው ያለው ደንገል እንደራሰ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ዓሣ ግማሹ ጥሬ ነው። ከሬሳው ራስጌ በቀይና በሐምራዊ የተሸመነ፣ ለበዓል እንጂ ለሥራ የማይወጣ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ እንደ ጫት የሚታኘኩ፣ አንድ በአንድ የተለቀሙ ሙሉ ሙሉ የኮካ ቅጠሎችና ያልተከፈተ ጠርሙስ አለ። ኤውላሊያ ጨርቁን ስታይ ለፎርቱናቶ አዘነችለት።

«ይሄ የማን ነው?» አለቻት ተከትላት የገባችውን ሴናይዳን።

«የእናቴ። የሠርጓ ነው።» ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላየችውም ነበር፤ ከአባቷ ሬሳ ሌላ ምን ልታይ? «ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምታስቀምጠው። ቁልፉን ከአንገቷ አታወልቅም፣ ስትተኛም እንኳ።»

ኤውላሊያ ሳጥኑን ሞከረችው። ተቆልፏል።

የሟቹ ወንድም ሂላሪዮ ደጅ ቆሞ ይንቆራጠጥ ነበር።

«ምን ይመረመራል? በእጁ ደም፣ በአፉ ውሸት! እኛው እንጨርሰዋለን፣ እናንተ አትድከሙ።»

«እናንተ ሳትጨርሱት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ኤውላሊያ። «አንተና ወንድምህ ደሴቱን ለሁለት ልትቆርጡ መጋዝ አንስታችሁ ነበር አሉ።»

«አንስተናል። እኛ ስንጣላ ደሴታችንን በመጋዝ እንከፍልና እንለያያለን፣ የአባቶቻችን ነው። መጋዝ አነሳሁ፤ መምቻ አላነሳሁም!»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ነዋ!» ሂላሪዮ በአገጩ ጠቆመ። ከጀርመን የመጡ ሽማግሌ አጉሊ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዎልፍራም ይባላሉ፤ ወፍ ሊያዩ መጥተው እዚያው ያድሩ ነበር። ቋንቋችንን እየሰባበሩ ነው የሚናገሩት።

«እኔ በጣም ማዘን» አሉ ሽማግሌው። «ፎርቱናቶ ጥሩ ሰው። ግን ደግሞ ዛሬ እኔ ማየት! መብረር የማይችል ወፍ፣ ልጆች ጀርባ ላይ! ብዙ ዓመት እኔ መጠበቅ።»

«የት ነው ያያችኋት?»

«በሰሜን በኩል፣ ትልቁ ደንገል መሃል» አለ ሂላሪዮ። «ጎህ ሳይቀድ ሄደን ጩኸት እስክንሰማ እዚያው ነበርን።»

«በአካባቢው ሌላ ሰው ነበር?»

«ሰው?» ሽማግሌው ደነገጡ። «ሰው ካለ ወፍ የለም! ይሄ ሂላሪዮ አንዴ ማሳል፣ እኔ በጣም መቆጣት።»

«ማሳል እንኳ ተከልክዬ ነው ያነጋሁት» አለ ሂላሪዮ።

የፎርቱናቶ ሚስት ቤኒግና ደንገል ከሞላበት ታንኳዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። ሰው ኀዘን ሲከብደው እንዲህ ይሆናል ብለው ሁሉም ፈርተው አላስቸገሯትም።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ቤኒግና።»

«አሜን፣ ልጄ።»

«መቼ ነው ከቤት የወጡት?»

«ፀሐይ ሳትወጣ። እሱ ተኝቶ ነበር። የተኛ ሰው ምን ብዬ ላናግር? ወጣሁ፣ ደንገል ቆረጥኩ፣ ስመለስ ይህንን አገኘሁ።»

«ከየት ቆረጡ?»

«ከሰሜን ነዋ፣ ከትልቁ። ሌላ የት አለ? ደህናው ደንገል እዚያ ነው።»

ኤውላሊያ ከታንኳው አንድ ደንገል መዘዘች። ልጅ ሆና እንደምታደርገው ሥሩን ልጣ ነጩን ልቡን ገመጠችው። አላመጠች፣ አላመጠችና ዋጠችው።

«ርቦሽ ነው እንዴ?» አለች ቤኒግና።

«ጀልባው ሆዴን ባዶ አስቀርቶታል። ለመሆኑ ባለቤትዎ ይህን ልጅ ጨርሶ አይወደውም ነበር?»

«እስከ ዕለተ ሞቱ እንቢ እንዳለ ነው የሞተው።»

«እርስዎስ?»

ቤኒግና ወደ ሴናይዳ አየች። «ሁለት ወንድ ልጆች ወልጄ አንዱን ሊማ ከተማ ወሰደችው፣ አንዱን አሬኪፓ። ለገና እንኳ አይደውሉም። የኛ ደሴት ከሥር ይበሰብሳል፣ ከላይ ሌላ ደንገል ይነጠፍበታል። የሚያነጥፍ ወጣት ከሌለ አብረነው እንሰምጣለን። እሷ አንዷ ናት የቀረችኝ።»

ከጎረቤት ደሴት የመጡት ታንኳዎች ደረሱ። ወንዶቹ ረጃጅም መቅዘፊያቸውን እንደያዙ ወደ ማማው ተመሙ። ፖሊሱ ብቻውን ነው። ኤውላሊያ ወደ ምሰሶው ሄዳ ከኤፍራይን ፊት ቆመች። ቤተሰቡም፣ ሽማግሌውም፣ የመጣው ሰው ሁሉ ከበባት።

«እንውሰደው ካላችሁኝ አልችላችሁም» አለች። «ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል ከቤቱ ሲወጣ እሳቱን ሳያረጥብ የሚሄድ አለ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እብድ ነው እንዲያ የሚያደርግ» አለች አንዲት አሮጊት። «ደሴቱን በሞላ ያነደዋል።»

«ልጅ ሆኜ ከዳር ቆሜ አንድ ደሴት ሲነድ አይቻለሁ» አለች ኤውላሊያ። «ስለዚህ ዛሬ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሬሳውን ሳይሆን ምድጃውን ነው። ውሃ ጠጥቷል። የዚህ ቤት ሰዎችም አይታችሁታል፤ በየቀኑ የምታዩት ስለሆነ ግን አልገረማችሁም። ማን አጠፋው? ፎርቱናቶ? ዓሣው ጥሬ ነው፤ ድስት የጣደ ሰው ሳይበስል እሳቱን አያጠፋም። ኤፍራይን? ትናንት በሲጋራ ቁራጭ የተሰደበው የወደብ ልጅ ነው። ገድሎ ቢሆን እሳቱን ትቶት በሄደ፣ ሬሳውም ቤቱም አብሮ በነደደለት። ሲንበረከክ ጉልበቱ በአመድ ጭቃ ተለውሷል፤ ምድጃው ከእሱ በፊት ረጥቧል ማለት ነው። ሰው ገድሎ እንኳ እሳት ትቶ መውጣት ያልሆነለት ሰው ነው ይህን ያደረገው። ያ ሰው ደንገል ላይ ያደገ ነው።»

ሂላሪዮ ወደፊት ገፋ ብሎ መጣ። «እኔን ለማለት ነው?»

«አንተ ማሳል እንኳ ተከልክለህ ነበር፤ ምስክርህ እኚህ ናቸው። ቆይ፣ ልጨርስ። ማድቤቱ ውስጥ የሠርግ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ላዩ ላይ የተለቀመ ኮካ አለ። እኛ ኮካ ለጠላት እንዘረጋለን?»

«ለአማች ነው የሚዘረጋ» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ።

ሴናይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አዎ፣ ለአማች። ፎርቱናቶ አድሮ ልቡ ተመልሷል። ኤፍራይንን የጠራው ሊመርቀው ነው። ሴናይዳ ያንን ጨርቅ ዛሬ ጠዋት አይታው ቢሆን አባቷን ትስመው ነበር እንጂ አትመታውም። ጨርቁ ግን ብቻውን ከሳጥን አይወጣም። ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉም አንድ አንገት ላይ ነው ያለው።» ኤውላሊያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ቤኒግና፣ ተኝቶ ነበር ያሉኝ ሰው ጨርቁን ከማን ተቀበለ?»

ሰው ሁሉ የቤኒግናን አንገት አየ።

«ከሰሜኑ ደንገል ስቆርጥ ነበር አሉኝ። እዚያ እኚህ ሰው ወፍ ይጠብቁ ነበር፤ ወፏም ልጆቿን አዝላ ወጥታለች። ማጭድ ቢሰማ አትወጣም። ደንገሉንም ቀመስኩት፤ ዛሬ የተቆረጠ ቢሆን ጥርስ ሥር ይንቋቋ ነበር። ጠውልጓል። ትናንት የቆረጡትን ጭነው ከጓሮ ዞረው ነው የተመለሱት።»

መቅዘፊያ የያዙት ወንዶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ። ቤኒግና ለመካድ እንኳ አልሞከረችም።

«"ጨርቁን አውጪልኝ" አለኝ» አለች። «እናቴ የሸመነችልኝን። ለማን ነው ስለው፣ "ለልጃችን ነዋ፣ ትሂድ፣ እኛ እንደሆን አርጅተናል" አለ። እየሳቀ ነበር። አወጣሁለት፣ ሳጥኑን ቆለፍኩ። ቅጠሉን ሊለቅም ዞር ሲል መምቻው አጠገቤ ነበር። እሳቱን ማጥፋቴን፣ እውነቴን ነው፣ አላስታውሰውም።»

ፖሊሱ የኤፍራይንን ገመድ ፈታው። ሴናይዳ ግን ወደ እሱ አልሄደችም፤ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«እሱን ሲያስሩት ቆመሽ አየሽ። ሊያሰምጡት ሲመጡም ዝም አልሽ።»

«እሱም ከሄደ አንቺ ትቀሪልኛለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ማንም እኮ አልጠየቀኝም!» አለች ሴናይዳ። «አባቴ ትናንት "አትሄድም" አለ፣ ዛሬ "ትሂድ" አለ። ኤፍራይንም ጀልባ ሠርቶ ሊወስደኝ ጠበቀ። አንቺ አንድ ቀን "ልጄ፣ ቅሪልኝ" አልሽኝ? ብትይኝ እኮ እቀርልሽ ነበር።»

ኤፍራይን ሰምቷል፤ የታሰረበትን እጁን ማሸት ተወ። ቤኒግና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ማልቀስ ጀመረች። ኤውላሊያ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቀቻት፣ ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ ጀልባው ወሰደቻት።