ዝቃጭ የሌለው ብርጭቆ

የአራዳው ስፖርት አሠልጣኝ አስናቀው፣ ያ ግማሽ የጎንደር ጎረምሳ በክንዱ የቀናበት ሰው፣ በ2008 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከገዛ ጂሙ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ከጎኑ ብርጭቆና ክዳኑ የተከፈተ የክሬቲን ቆርቆሮ ነበር። ክሬቲን ጉልበት ይጨምራል ተብሎ በውኃ የሚጠጣ ነጭ ዱቄት ነው። ቆርቆሮውን በዚያው ጠዋት ያመጣው ነጋዴው ቡሽራ ስለነበር መርዞታል ተብሎ ወዲያው ታሰረ፤ ሱቁን እናቃጥል የሚሉም አልጠፉ።

ኢንስፔክተር እስከዳር ግን ወሬ የሚነዳት ሴት አልነበረችም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። የተረፈው ውኃ ጥርት ያለ ነው። ቡሽራን ስለ ዱቄቱ ጠየቀችው።

«በቀዝቃዛ ውኃ አይሟሟም። የቱንም ያህል ቢያማስሉት እንደ አሸዋ ከሥር ይዘቅጣል» አላት። አያቱም አባቱም በዚያው ሱቅ ነግደዋል፤ ስሙ ከጠፋ ምን ይቀረዋል?

የአስናቀው ረዳት ዓለምነው አለቃውን ወድቆ አግኝቶ ባጃጅ ሊጠራ ሮጦ ሲወጣ ቆርቆሮው ገና መደርደሪያው ላይ እንደነበር ነገራት። ከሬሳው ጋር የቀሩት ከዳባት የመጡት የጽዳት ሠራተኛ፣ እትዬ ሽታዬ፣ ብቻ ናቸው። እሳቸው ምንም አላየሁም አሉ። የለበሱት ነጭ ቀሚስ ነው፤ ዓለምነው እንዳለው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሌላ ለብሰው አያውቁም።

በማግስቱ ሦስቱንም ጂሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ቡሽራ ከነካቴናው መጣ።

«ብርጭቆው ዝቃጭ የለውም፤ ስለዚህ አስናቀው ዱቄቱን አልጠጣም» አለች እስከዳር። «መርዙ ብርጭቆው ውስጥ ቀድሞ ነበር። ቆርቆሮውን አውርዶ የከፈተው እሱ ከወደቀ በኋላ ብቻውን እዚህ የቀረ ሰው ነው። እትዬ ሽታዬ፣ ልጅዎ ባዬ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው እዚሁ ክብደት ሲያነሣ ነው አይደል?»

«አስናቀው የጉልበት መርፌ ወግቶት ነው እንጂ» አሉ ቀና ብለው። «ልጄ ነፍሱ ሳትወጣ ነግሮኛል። አስናቀው ግን የገደለው የቡሽራ ቆርቆሮ ነው ብሎ በመስቀል ማለ። እሱንም ቆርቆሮው ይግደለው አልሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ!

«እኔስ ምን በደልኩዎ?» አለ ቡሽራ። እትዬ ሽታዬ አንገታቸውን የደፉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እስከዳር የቡሽራን ካቴና ፈታች። ሴትየዋ አሳዝነዋታል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። «ከሉን ጥቂት ቀን ቢያቆዩት ኖሮ ባልጠረጠርኩዎ። ምነው ቸኮሉ?»

እትዬ ሽታዬ ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉላት።

«የባዬ ደም ሳይመለስ ላላወልቀው ምዬ ነበር፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ጠበቀኝ። አንድ ቀን ጨምሪበት ትይኛለሽ?»