ከጫማው በላይ

«እሺ፣ ቃሉ ከየት መጣ?» አለ ጫማ ሠሪው አባቷ፣ በከንፈሮቹ የያዛቸውን ምስማሮች ሳያወጣ።

ልጅቱ ወረቀቷን አጠፈች። ነገ ወላጆች በተጋበዙበት የእንግሊዝኛ ክበብ ዝግጅት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ እንግዳ ቃል ታሪክ ያቀርባል። ለእሷ በዕጣ የደረሳት «አልትራክሬፒዴሪያን» ነው፤ የማያውቀው ነገር ውስጥ ጥልቅ እያለ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማለት ነው። ትርጉሙን ወድዳዋለች። ምንጩን ስታነብ ግን ክው አለች። ጓደኛዋም፣ «ፋዘርሽ ፊት? ሼም ነው። ‹ምንጩ አይታወቅም› በይና ላሽ በይ» ብላ መክራታለች።

«ምንጩ...» አለች። ልትዋሽ ነበር፤ አባቷ መዶሻውን አስቀምጦ ሲጠብቃት ግን አልሆነላትም። «ከላቲን ነው፤ ‹ከጫማው በላይ› ከሚል። የጫማውን ስም ሮማውያኑ ራሳቸው ከግሪክ ነው የወሰዱት። አንድ ጫማ ሠሪ ሥዕል አይቶ ‹ጫማው ተሳስቷል› አለ፤ ሠዓሊውም አረመው። በማግስቱ ስለ እግሩም መናገር ሲጀምር፣ ሠዓሊው ‹ጫማ ሠሪ ከጫማው በላይ አይፍረድ› አለው ይባላል።»

ልጅቱ የምትገባበት ጠፋት። አባቷ ግን ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ጫማ ሠሪ እግር ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?»

በዚህ መሐል የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ለጥገና የሰጠችውን ጫማ ልትወስድ ገባች። አባቷ ጫማውን ገልብጦ እያሳያት፣ «ሲስተር፣ ቀኝ ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል?» አላት።

«ማን ነገረዎት? ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።»

«ጫማዎ ነዋ። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ብቻ ነበር ያለቀው።»

«እንግዲያው እኛ ጋ መቀጠር አለብዎት» አለች ሲስተር እየሳቀች።

ልጅቱ ደስ አላት፤ በአባቷ ኮራች። ያነበበችው ታሪክ ጫማ ሠሪው ምን ብሎ እንደመለሰ አይናገርም፤ ይህን እስካሁን ልብ አላለችውም ነበር። ሲስተር እንደወጣች ወረቀቷን መልሳ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ነገ መድረክ ላይ አብረኸኝ ትወጣለህ?»

«ምን ልሆን?»

«ጫማ ሠሪውን። ለሠዓሊው መልስ ትሰጠዋለህ።»

«አይ አንቺ» አለ አባቷ። ከዚያ ወር ሙሉ ብሩሽ ያላየውን የራሱን ጫማ አውልቆ ቀለም ይቀባ ጀመር።