የጫኝ እጅ ያላሰረው ገመድ

ሬሳ ለመደበቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ የጣለ ሰው፣ ከተማው ሁሉ በሚያውቀው ገመድ ለምን ያስረዋል?

የባቡር ኩባንያው ራሱ ያስጠራት መርማሪ ይህን እያብሰለሰለች የከተማው የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካለች። ትናንት ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጣለው የኩባንያው ቀያሽ ነው። ድንጋይ ከወገቡ ጋር ያሰረው ቀይ ገመድ ደግሞ የበቅሎ ጫኞቹ አለቃ የጋሽ ልጓም ነው። ባቡር ከመጣ ወዲህ ገበያው ከጫኞቹ ሰፈር ሸሽቶ ጣቢያው አጠገብ ስለከተመ፣ ሐዲዱን ሲረግሙ ያልሰማ የለም።

«ልጓም ከሰዓት በሚመጣው ባቡር ታስሮ ይሂድና ይሰቀል» አላት ጣቢያ ሹሙ። «ሰፈራቸውም እንዲፈርስ ኩባንያው አዟል።»

«ቀያሹ ምን ሊሠራ ነበር የመጣው?»

«እኔ ምን አገባኝ! ከፉርጎ ሸራ አሳሪነት ተነስቼ እዚህ የደረስኩት በሰው ሥራ ሳልገባ ነው።»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ግን አፏን አልያዘችም። «ቀያሹ ለሹሙ ውሃው ለባቡሩም ለእኛም አይበቃም፣ ጣቢያው ወንዝ ማዶ ይዛወር ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እህቴ። ሹሙ ሻዩን ጥሎ ወጣ። እዚህ የሠራው ሆቴል ማን ሊያድርበት ነው?»

ጋሽ ልጓም ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል።

«ገመዱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው፤ ከበረት ተሰርቆብኝ ነው። ሐዲዱን ጠልቼዋለሁ፣ ነገም እጠላዋለሁ። ሰው ግን አልገደልኩም፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበችና፣ ቋጠሮው ሳይነካ ከሬሳው የተቆረጠውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሽ ልጓም፣ እስቲ ይፍቱት።»

ሳቡት፤ እምቢ አለ። ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። «ይኼማ የኛ አይደለም! የጫኝ ቋጠሮ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል። በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ስትወድቅ ማን ቁጭ ብሎ ይታገልላታል?»

«ይህ ንፋስ እንዳይፈታው የሚታሰር የሸራ ቋጠሮ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሸራ አሳሪዎቹ ከባቡሩ ጋር ነው የሚዞሩት፤ ትናንት ደግሞ ባቡር አልነበረም። ከተማው ውስጥ የቀረው ሸራ አሳሪ አንድ ብቻ ነው። ሬሳው ሁሉ በሚቀዳበት ጉድጓድ የተጣለው ሊደበቅ አይደለም፣ ከነገመዱ እንዲገኝ ነው። ሹም፣ ገመዱን ሰረቁ፤ የጫኝ እጅ ግን ከየት ይሰረቃል?»

ሹሙ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ያለ ጣቢያው ይቺ ከተማ ምን ነበረች? አቧራ! እኔ ነኝ የሠራኋት! ያ ቀያሽ ባንዲት ቃል ሊያፈርሳት ነበር!»

«መጀመሪያ የመጣህ ቀን ሻይ የሰጠህ አቧራው ነው እንዴ?» አለችው ባለ ሻይ ቤቷ።

መርማሪዋ ሹሙን ዕቃ ቤት ቆለፈችበትና ለኩባንያው ቴሌግራም አስመታች፦ «ገዳዩ የእናንተው ሹም ነው። ጋሽ ልጓምን ፈትቻለሁ። ሰፈሩን ላፍርስ የሚል ካለ አስቀድሞ እኔን ያነጋግር። መልስ እጠብቃለሁ።»

ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ። መልስ ግን አልመጣም፤ ሰፈሩን ላፍርስ ብሎ የመጣም አልነበረም።