ሊጠብቁ የመጡት

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ኧረ በጭራሽ» አሉ አቶ ሙላቴ፣ ዓይናቸውን ከዶክተሯ ወደ መስኮቱ መልሰው።

ልጃቸው ትዝታ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። አባቷ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌር ናቸው፤ ትናንት መናኸሪያው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ ሲሉ ሰዎች አፋፍሰው ሆስፒታል አደረሷቸው። ማጨሳቸውን ከቤቱ ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ክረምት ላይ አብራቸው ሐሙሲት ወርዳ ከመኪናው ኋላ ሲያጨሱ ደረሰችባቸው። «እናትሽም የንስሐ አባቴም እንዳይሰሙ፤ አደራ» አሏት። አደራ ነውና ዝም አለች።

ወጣቷ ዶክተር ሕሊና የልባቸው የደም ሥር መጥበቡን ነገረቻቸው።

«ስብ ነው የደፈነው?» አለች ትዝታ። «ቆሻሻ ቧንቧ እንደሚዘጋው?»

ልትሄድ የነበረችው ዶክተር ቆም አለች። «ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የደም ሥር ግን ሕይወት አለው። ውስጡ ሲጎዳ ስብ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ያኔ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሱና ስቡን ይውጡታል።»

«ይኼማ ጥሩ አይደል? ቲቸር የሰውነት ወታደሮች ናቸው ብሎናል።»

«ናቸው። ግን ውጠው ውጠው ያብጡና መውጣት ያቅታቸዋል። ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። ሌሎች ደግሞ የሞቱትን ሊያነሱ ይመጣሉ፤ እብጠቱ በዚህ ያድጋል። አንድ ቀን ከፈነዳ ደም ይረጋበትና መንገዱን ይዘጋዋል።»

ትዝታ ሳታውቀው የእጇን አንጓ ጨበጠች። ከጣቷ ሥር ትር ትር ይላል።

«ሊጠብቁ መጥተው?»

«ሊጠብቁ መጥተው።»

«መጀመሪያ የሚጎዳውስ ምንድን ነው?»

«ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ። አባትሽ እንኳ አያጨሱም» ብላ ዶክተሯ ወደ ጎረቤት አልጋ አለፈች።

ትዝታ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። «አባባ፣ ይነግሯታል?»

«አርፈሽ ተቀመጪ። እናትሽ አሁን ትደርሳለች።» ይቆጡኛል ብላ የጠበቀችው ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ትዝታ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለችላቸው። ከዚያ ተነሥታ ዶክተሯ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኙትን ሽማግሌ መርምራ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።