ቆጣሪው ዜሮ ያለበት ጠዋት

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ እውነት ነው። «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ልትሉኝ ከሆነ ማንበባችሁን እዚሁ አቁሙ። እንዲህ ከሚሉ ፕሮፌሰሮች ጋር ሁለት ዓመት ተሟግቻለሁ። ከእናንተም ጋር የምከራከርበት ትዕግሥት የለኝም።

ሀደራ፣ እስራኤል። በፈረንጆቹ 2006፣ ጥር ወር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ያሠራን የነበረው ዶክተር ዮራም የሚባል የከባቢ አየር ተመራማሪ ነው። አቧራ፣ ጭስና የባሕር ጨው ደመናን እንዴት እንደሚለውጡ፣ ደመናውም ምድርን እንዴት እንደሚያሞቅና እንደሚያቀዘቅዝ ያጠናል። ባሕሩ አጠገብ ባለ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቱቦ ተክለን አየር እንስባለን። ታች ክፍል ውስጥ ያለው ቆጣሪ ብናኙን ይቆጥራል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። የጉምም የእንፋሎትም ጠብታ የሚፈጠረው ብናኝ ላይ ነው።

ብናኝ ከሌለ... ጉም የለም።

ያን ቀን ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ከሃያ እርምጃ በላይ እስከማላይ ድረስ ጉሙ ከብዶ ነበር።

ቆጣሪው ግን... ዜሮ።

«አለልኝ!» ጮህሁ።

አለልኝ የእህቴ የደስታነሽ ባል ነው። እዚህ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

«ማጣሪያውን ረስተኸዋል!»

መሣሪያውን ስንፈትሽ ቱቦው አፍ ላይ ማጣሪያ እንገጥማለን። ዜሮ የሚለው ያኔ ብቻ ነው።

«ትናንት አንስቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አትዋሽ!»

«ቤት እሷ አዛዥ፣ እዚህ አንተ አዛዥ... የት ልግባ?» ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም።

«ውጣና አንሳ። ካልሆነ ነገ እንዳትመጣ!»

ሳቁ ቆመ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው ወጣ።

ብርጭቆውን ነካሁት። አሁን የተቀዳ ነው፤ ጣት ያቃጥላል።

እንፋሎት ግን የለውም።

ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ...» በሹክሹክታ። «ማጣሪያ የለም።»

«በደንብ እይ!»

«የለም አልሁህ... ሬጋ። ሬጋ፣ ቆይ።»

«ምንድን ነው?»

«ጉሙ ውስጥ ቀዳዳ አለ... የሰው ቁመት ያህል።»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ የለም። ጭንቅላት አለው... ትከሻ አለው። መሃሉ ጥርት ያለ ነው።»

«ሰበብ አትፈልግ! ሥራህን ጨርስ!»

ያልሁት ይህንን ነው። ለእህቴ ግን «ውረድ ብዬው ነበር» አልኋት። እስከ ዛሬ የምታምነው ያንን ነው።

«ጋሼ... ቱቦው አጠገብ ቆሟል... ወደ እኔ...»

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ትንፋሽ እንኳ የለም።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ያ ደረጃ ብቻ ነው። ማንም አላለፈኝም።

ጣሪያው ላይ ሰው የለም።

በጣሪያው ዳር አጥር ላይ ጎንበስ ብዬ ታች አየሁ። የወደቀ ሰው የለም።

ቀና ስል...

ከአጥሩ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ፣ እግር የሚያሳርፍበት ነገር በሌለበት ባዶ አየር ላይ፣ ጉሙ ውስጥ የሰው ቅርፅ ያላቸው ቀዳዳዎች ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። ቀስ ብለው። ጎን ለጎን። በውስጣቸው አሻግሬ ውሃው ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ አያለሁ።

ሁለት ናቸው።

ስልኬ ገና አልተዘጋም ነበር።

አጭሩ ቀዳዳ ክንዱን አጥፎ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር።