በቁም የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

«ሞቼ ነው እንዴ?» አሉ ሚስተር ትሬልፎርድ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ወረቀቱን እያዩ።

ኢያኤል ደነገጠች። «ኧረ አልሞቱም!»

«‹ከአባታቸው ከአልበርት ትሬልፎርድ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ በሊድስ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰም...›» ሽማግሌው ንባባቸውን አቆሙ። «ቀጥሎ የቀብሬ ሰዓት ይመጣል ብዬ ፈራሁ።»

ኢያኤል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሰው ሕይወት ሲጻፍ የምታውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ በአማርኛ ይነበባል፤ ከዚያ እዚሁ ሚኒሶታ ለተወለዱ ልጆችና ለሟቹ የሥራ ባልደረቦች በእንግሊዝኛ ይደገማል። እንግሊዝኛውን አዘጋጅታ የምታነበው እሷ ናት። እስካሁን ስድስት ሰው ሸኝታለች። እናቷ የትምወርቅ ነገሩን ስትሰማ «የቁም ተዝካራቸውን አወጣሽላቸው በይኛ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

የተጠየቀችው የልደት ንግግር ነበር። ሚስተር ትሬልፎርድ የሚኖሩት የትምወርቅ በነርስ ረዳትነት በምትሠራበት፣ ሮቢንስዴል ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ኢያኤልም ቅዳሜ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቷ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ለመሙላት እየሄደች ታጫውታቸዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማንያ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል። መጀመሪያ ለንደን፣ በኋላም አሜሪካዊት ሚስታቸውን ተከትለው መጥተው ሚኒያፖሊስ ላይ የሠሩ ተዋናይ ስለሆኑ፣ የቲያትር ቤት ሰዎችም ተጋብዘዋል።

«ንጉሡን ረስተሽዋል» አሏት። «ለንደን ውስጥ በአንድ ቲያትር ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ንጉሡን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እሱን ጻፊልኝ እንጂ ሌላውን ብትተዪው ግድ የለኝም።»

ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። ንጉሡ የቤተ መንግሥቱን ቁልፍ ለሎሌው የሚያስረክብበትን ንግግር አንድ ቃል ሳይስቱ ተወጡት። ኢያኤል ዐይኗ እንባ አቀረረ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ዘውድ የደፉበትን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፈለገች። ያገኘችው ግን ያኔ ለተመልካች ይታደል የነበረውን ፕሮግራም ነው። ከንጉሡ አጠገብ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «የንጉሡ ተጠባባቂ፦ ደዝመንድ ትሬልፎርድ» ይላል። ተጠባባቂ ማለት ዋናው ተዋናይ ቢታመም የሚተካ ነው፤ እንግዲያው ሰውየው ታሞ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። ይህንንም ተስፋዋን አንድ የድሮ ጋዜጣ አጠፋው። ጋዜጣው ዋናው ተዋናይ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ምሽት አለመቅረቱን ያደንቃል። ፊልሞቻቸውንም አየች። በአንዱ አሳላፊ፣ በሌላው ሐኪም ናቸው፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው በር ዘግተው ይወጣሉ። በር አዘጋጋቸውስ ያምር ነበር።

ተናደደች። ያለቀሰችው ለውሸት ነው። ንዴቷ ሲበርድላት ደግሞ አንጀቷን በሏት።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ወደ ብሩክሊን ፓርክ ቤታቸው ድራይቭ እያደረገች ሳለ ኢያኤል ነገሩን መያዝ አልቻለችም፤ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለች የትምወርቅ።

«አላውቅም፣ ማሚ። እውነቱን ካነበብኩ ሰው ፊት አዋርዳቸዋለሁ። ውሸቱን ካነበብኩ ደግሞ የቲያትር ሰዎቹ ያውቁ ይሆናል፤ ይሳቅባቸዋል። ደግሞ በእኔ አፍ ነው የሚዋሸው። ላይክ፣ ሰው እኮ ያምነኛል!»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጋሽ ኪዳኔን ‹ቸርና ለጋስ ነበሩ› ብለሽ ስታነቢ ሳቄን በነጠላዬ ነው ያፈንኩት። ያኔ ማን ጠየቀሽ?»

«እሳቸው አይሰሙም ነበራ!»

የትምወርቅ ቀይ መብራት ላይ መኪናዋን አቆመች። «እሱስ ልክ ነሽ» አለች። «እኚህ ይሰማሉ።»

ቅዳሜ፣ ዝግጅቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ኢያኤል ክፍላቸው ገባች። ሚስተር ትሬልፎርድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። ፕሪንት ያደረገችውን ፕሮግራም ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ደቃቁን ፊደል ለማየት መነጽር እንኳ አላስፈለጋቸውም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ኢንተርኔት ላይ አለ።»

«ድሮ ወረቀት ይጠፋ ነበር» አሉ። መስኮቱን አዩ። «በየምሽቱ እዚያ ነበርኩ፣ ልጄ። ቃሉን ሁሉ አውቀው ነበር። ያ ሰውዬ ጉንፋን እንኳ አይዘውም!»

ኢያኤልን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

«መጀመሪያ የዋሸሁት ለሚስቴ ነው፤ ገና ስንተዋወቅ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። እስክትሞት ድረስ ‹ንጉሤ› ነበር የምትለኝ።» እጃቸውን እጇ ላይ አደረጉ። «እንደነገርኩሽ አንብቢው፤ እባክሽ። ለአንድ ቀን ነው።»

እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«አላነበውም» አለች።

«ታዲያ ልታጋልጪኝ ነው?»

«አይደለም። እሱንም አላነብም።» የጻፈችውን ንግግር አወጣች። «እኛ ቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪክ ሌላ ሰው የሚያነበው ባለቤቱ መናገር ስለማይችል ነው። እርስዎ ግን ይችላሉ። ራስዎ ያንብቡት። የፈለጉትን ቢሉ እኔ ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

«ብቻዬን?»

«አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ንግግሩን ሰጠቻቸው። የለንደኑ ዘመን ጋ ሲደርሱ አንድ መስመር ባዶ አገኙ።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸውና ፊቷን ወደ በሩ መለሰች፤ የሚጽፉትን ማየት አልፈለገችም። «ንጉሡን ተጫወትኩ» ለማለት አንድ መስመር ይበቃ ነበር። እስክሪብቶው ግን ሲንሸራተት ቆየ፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰማች፤ በጀርባው ደግሞ ቀጠሉ።

ቀድማቸው ወደ አዳራሹ ወረደች። ሰዎች መቀመጥ ጀምረዋል። ማይክሮፎኑን በእሷ ቁመት ልክ አዘጋጅተውላት ነበር። ኢያኤል ማጥበቂያውን አላልታ፣ ወደ ሚስተር ትሬልፎርድ ቁመት ከፍ አደረገችውና ከጎኑ ቆመች።